የብግነት አመልካቾችና የልብ ድካም ጽናት፦ ስለ ስያሜያቸውና ስለ አተረጓጎማቸው

ሕክምናን የሚመለከቱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚያጋጥሙት ችግሮች በአብዛኛው ቃል ከማጣት የሚመነጩ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ጉዳዩ በቅርብ ሲመረመር ግን ቃል ከመታጣቱ ይልቅ ያለው ቃል ለሁለትና ለሦስት ጽንሰ ሐሳቦች በአንድነት መዋሉ የባሰ ችግር ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የቃላት ክፍል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ይኸውም የልብ ድካም ያለበት ሰው ሕመሙ ምን ያህል እንደጸና ለመገመት በደሙ ውስጥ የሚለኩትን የብግነት አመልካቾች የሚመለከት ነው።

እነዚህ ቃላት በሐኪሞች መካከል ብቻ የሚዘዋወሩ አይደሉም። በላቦራቶሪ የውጤት ወረቀት፣ ለታማሚ በሚሰጥ መመሪያ፣ ለጥናት ፈቃደኛ የሚሆን ሰው በሚፈርምበት የስምምነት ቅጽ ላይ ይገኛሉ። በእስራኤልም ሆነ በአሜሪካ አማርኛ ተናጋሪ ታማሚና አማርኛ የማያውቅ ሐኪም በአስተርጓሚ አማካይነት ሲነጋገሩ ይነሣሉ። በእንዲህ ያለው ቦታ ቃል ሲዛባ የሚጎዳው ጽሑፉ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የነገሩን ምንነት፣ ቀጥሎ የየቃሉን ጠባይ፣ በመጨረሻም የምናቀርበውን ስያሜ በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

1. የነገሩ ምንነት

ልብ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ደም በሚገባ መርጨት ሲሳነው፣ ወይም ይህን የሚያደርገው በውስጡ ያለው ግፊት ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ብቻ ሲሆን፣ ሁኔታው የልብ ድካም ይባላል። ታማሚው ይደክመዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እግሩ ያብጣል። የሕመሙን ደረጃ ለመለየት ከሚያገለግሉት መንገዶች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የኒው ዮርክ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው አመዳደብ ነው። ይህ አመዳደብ እየተሻሻለ ዛሬም የሚሠራበት ሲሆን ታማሚዎችን በ4 ክፍሎች ይመድባል። በ1ኛው ክፍል የሚገኘው ሰው የተለመደ ሥራውን ሲሠራ ምንም አይሰማውም፤ በ4ኛው ክፍል የሚገኘው ግን ዐርፎ ተቀምጦ እንኳ ይጨነቃል። የአመዳደቡ መሠረት ታማሚው የሚናገረውና ሐኪሙ የሚያስተውለው በመሆኑ ከመርማሪ መርማሪ ሊለያይ ይችላል። ከዚህ የተነሣ በደም ውስጥ በቁጥር ሊለካ የሚችል ተጨማሪ ማስረጃ ሲፈለግ ቆይቷል።

ብግነት ሰውነት ለጉዳት ወይም ለበሽታ አምጪ ተሕዋስያን የሚሰጠው የመከላከል ምላሽ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን አራት ምልክቶቹን፦ መቅላትን፣ ማበጥን፣ መጋልንና ሕመምን ዘርዝሮ ነበር። እነዚህ በቆዳ ላይ ለሚታይ ብግነት የሚስማሙ ናቸው። በልብ ድካም ጊዜ የሚገኘው ግን በዓይን የማይታይ፣ በመጠኑ ዝቅ ያለና ሥር የሰደደ ብግነት ነው። የተለጠጠው የልብ ጡንቻ ራሱ ሳይቶካይን የሚባሉትን መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖች ያመነጫል፤ ደም በበቂ ሁኔታ የማይደርሳቸው ሌሎች የአካል ክፍሎችም እንዲሁ ያመነጫሉ። ከነዚህ አንዱ፣ ኢንተርሉኪን 6፣ በደም ተጉዞ ጉበትን ሲቀሰቅስ፣ ጉበት ሲ.አር.ፒ. የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ይሠራል። እንግዲህ ሲ.አር.ፒ.ን የሚለካው ላቦራቶሪ የሚያየው ጢሱን ነው፤ እሳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ኤልስተር፣ ብራውንዋልድና ውድ የተባሉ ተመራማሪዎች በልብ ድካም ታማሚዎች ደም ውስጥ ስለሚገኘው ሲ.አር.ፒ. ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በ1990 ደግሞ ሌቪንና ባልደረቦቹ ሥር በሰደደና በጠና የልብ ድካም በተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለው ሳይቶካይን ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የወጡ በርካታ ጥናቶች፣ የነዚህ ፕሮቲኖች መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ሕመሙ የጸና፣ አደጋውም የበዛ ሆኖ እንደሚገኝ በጠቅላላው ይደግፋሉ። ይሁን እንጂ ሲ.አር.ፒ. በሳንባ ምች፣ በመገጣጠሚያ ብግነት፣ በቁስል፣ ከመጠን በላይ በመወፈርም ጊዜ የሚጨምር ስለሆነ ብቻውን ስለ ልብ አይመሰክርም። ይህ ገደብ ከዚህ በታች ለምናነሣቸው የስያሜ ጥያቄዎች ሁሉ መሠረት ነው።

2. ብግነቱ የማን ነው?

የባዕዱ ቋንቋ አገባብ «ደም»፣ «ብግነት» እና «አመልካች» የሚሉትን ሦስት ስሞች ያለ አያያዥ ይደረድራቸዋል። ተርጓሚው ድርድሩን እንዳለ ሲቀበል «የደም ብግነት አመልካች» የሚል ሐረግ ያገኛል። በአማርኛ ሰዋስው ግን «የደም» የሚለው ዘርፍ በመጀመሪያ የሚይዘው የቅርቡን ስም ነው። ስለዚህ አንባቢው የሚረዳው የበገነው ደም እንደሆነ ነው። ደም ግን አልበገነም፤ የበገነው ሌላ የአካል ክፍል ሲሆን፣ ደም የዚያን ወሬ ተሸክሞ የሚዞር ብቻ ነው። ትክክለኛው አገላለጥ «በደም ውስጥ የሚለካ የብግነት አመልካች» የሚለው ይሆናል። ሐረጉ በሁለት ቃል ቢረዝምም፣ የቦታን ዝምድና ከባለቤትነት ዝምድና ይለያል።

በዚህ ረገድ ሌላም ወጥመድ አለ። «የፕሮቲኑ መጠን በደም ውስጥ በዝቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲያጥር «ደም ላይ በዝቷል» ይሆናል። በሕዝቡ ዘንድ ደግሞ «ደም ብዛት» ማለት የደም ግፊት ሕመም ነው። ስለዚህ ለታማሚ በሚጻፍ ወረቀት ላይ «በዝቷል» ከሚለው ይልቅ «መጠኑ ከፍ ብሏል» ማለትና የፕሮቲኑን ስም አለመተው ይመረጣል።

«ብግነት» የሚለው ስያሜ ራሱ መልካም ምርጫ ነው እንላለን። በገነ ከሚለው ግስ፣ ፈጠነ ከሚለው ፍጥነት እንደሚወጣ ሁሉ፣ በተለመደው የስም ርባታ የወጣ ነው። የላቲኑም ቃል መሠረቱ እሳት ማቀጣጠል ስለሆነ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ ምስል ተገናኝተዋል። ከዚህም በላይ ሕዝቡ «ቁስሉ ተቆጣ» ሲል ያንኑ ነገር በቁጣ ምስል ይገልጻል። ነገር ግን በልብ ላይ ሲነገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ልቡ በገነ» ማለት በአማርኛ ተበሳጨ፣ ተቃጠለ ማለት ነው። «የልብ ብግነት» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ የልብ ጡንቻ ራሱ የሚበግንበት ሌላ በሽታ ይሆናል። የልብ ድካም ያለበት ሰው በደሙ ውስጥ የብግነት አመልካች ተገኘ ማለት የልብ ብግነት አለበት ማለት አይደለም፤ ስለዚህ «ልብ» እና «ብግነት» የሚሉትን ቃላት ያለ አያያዥ ማጎራበት አይገባም።

3. ድካም፣ ክብደትና ጽናት

ለዋናው በሽታ ቋንቋዎች የሰጡት ስም የተለያየ ነው። እንግሊዝኛ መክሸፍን ወይም መውደቅን የሚያመለክት ቃል ይጠቀማል። ፈረንሳይኛ «ኢንሱፊዛንስ» ብሎ አለመብቃትን፣ ዐረብኛ «ቁሱር» ብሎ ማጠርን ወይም መጉደልን ይመርጣል። ጀርመንኛ ከላቲኑ ቃል ጎን ድክመትን የሚገልጽ የራሱ ቃል አለው። አማርኛ «የልብ ድካም» ማለቱ ከጀርመንኛው ጋር ያቀራርበዋል። ይህ ስያሜ ልብ ሥራውን እየሠራ፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው መቻል አቅቶት መኖሩን በትክክል ያስረዳል። «የልብ ውድቀት» ወይም «የልብ መክሸፍ» የሚሉት ቃል በቃል የተወሰዱ ትርጉሞች ግን ልብ ጨርሶ ቆመ የሚል ስሜት ስለሚሰጡ፣ ለብዙ ዓመት በሕክምና ሊኖር የሚችለውን ሰው ተስፋ ያስቆርጣሉ።

ችግሩ ያለው በዚህ ስያሜ አጠቃቀም ላይ ነው። በዜና ማሰራጫዎች «በድንገተኛ የልብ ድካም ሞተ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የጡንቻው አንድ ክፍል ስለሞተበት ሰው ነው። ይህ የተለየ ሕመም ነው፤ የልብ ድካም መንሥኤ ሊሆን ቢችልም የልብ ድካም አይደለም። ለዚህኛው «ድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት» የሚለውን ገላጭ ሐረግ መጠቀምና «የልብ ድካም»ን ለአንዱ ጽንሰ ሐሳብ ብቻ መተው ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን «ክብደት» የሚለው ቃል ነው። የሕመም መበርታት በተለምዶ «የሕመሙ ክብደት» ይባላል፤ በሌላ በሽታ ላይ ቢሆን ይህ ብዙ አያስቸግርም ነበር። የልብ ድካም ታማሚ ግን በየዕለቱ ሚዛን ላይ እንዲወጣ የሚመከር ሰው ነው። በሰውነቱ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የሰውነት ክብደት በአጭር ጊዜ መጨመሩ ነው፤ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ከጨመረ ለሐኪሙ እንዲያሳውቅ ይነገረዋል። እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ «ክብደቱ ሲጨምር» የሚል ሐረግ ሁለት ጊዜ ቢገኝ፣ አንዱ የሰውነቱን፣ ሌላው የበሽታውን ሊሆን ነው። ሕመሙ የከበደ መስሎት ሚዛኑን የማይመለከት፣ ወይም ሚዛኑ ስላልጨመረ በሽታው አልጸናም ብሎ የሚዘናጋ ሰው ሊኖር ይችላል።

መፍትሔው ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። አማርኛ «ሕመሙ ጸናበት» ይላል፤ «ጽኑ ሕሙማን» የሚለውም ስም በሆስፒታሎች የተለመደ ነው። ስለዚህ የበሽታ ደረጃን ለመግለጥ «ጽናት»ን፣ ለሚዛን ብቻ «ክብደት»ን መጠቀም ይገባል። «ጽናት» የመንፈስ ብርታትንም የሚያመለክት መሆኑ እንደ ነቀፌታ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን «የሕመሙ ጽናት» ተብሎ ከባለቤቱ ጋር ሲነገር የሚሳሳት አንባቢ አይኖርም። «የሕመሙ ክብደት» እና «የሰውነት ክብደት» ግን ባለቤቱ በተውላጠ ስም ሲተካ ወዲያው ይቀላቀላሉ።

4. አመልካች፣ ምልክት፣ መንሥኤ

ለዋናው ጽንሰ ሐሳብ በጽሑፍ የሚገኙት ቃላት «ምልክት»፣ «ጠቋሚ» እና «አመልካች» ናቸው። «ምልክት» ታማሚው የሚሰማውን ወይም ሐኪሙ የሚያየውን፣ እንደ ሳልና እንደ እብጠት ያለውን፣ ለመግለጥ አስቀድሞ ተይዟል። «ጠቋሚ» የሚለው ቃል በሰው ላይ ወሬ የሚያቀብለውን ሰው ስለሚያስታውስ ቀለሙ አልጸዳም። «አመልካች» በፍርድ ቤት ባለጉዳይን ቢያመለክትም፣ በሰዋስው «አመልካች ተውላጠ ስም» እንደምንለው ራሱ ነገሩን ሳይሆን ወደ ነገሩ የሚያሳየውን የሚገልጽ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። «ይህ» እና «ያ» የሚሉት ቃላት የሚያመለክቱትን ነገር እንደማይፈጥሩት ሁሉ፣ የብግነት አመልካችም ብግነቱን አልፈጠረውም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የሕክምናው ታሪክ ያስረዳል። ቲ.ኤን.ኤፍ. በጠና የልብ ድካም ከፍ እንደሚል ከታወቀ በኋላ፣ ይህን ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶች ታማሚውን ይረዱታል የሚል ተስፋ ተጣለ። ኢንፍሊክሲማብ በተባለው መድኃኒት ላይ የተደረገው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኤታነርሴፕት በተባለው ላይ የተደረገው ደግሞ በ2004 ሲታተም፣ ሁለቱም የተጠበቀውን ጥቅም አላሳዩም። እንዲያውም ኢንፍሊክሲማብ በከፍተኛ መጠን የተሰጣቸው ሰዎች ሁኔታቸው የከፋ ሆነ። በሌላ በኩል በ2017 የታተመ ሙከራ ነበር፤ ቀደም ሲል የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸው የልብ ጡንቻ ጉዳት የደረሰባቸውንና ሲ.አር.ፒ.አቸው 2 ሚሊግራም በሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን 10,061 ሰዎች ያካተተ ነበር። በዚህ ሙከራ ኢንተርሉኪን 1 ቤታን የሚያግደው ካናኪኑማብ በተወሰነ መጠን ሲሰጥ ተከታይ የልብና የደም ሥር አደጋዎችን ቀንሷል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ፕሮቲን አመልካች ብቻ ነው ወይስ አባባሽ ወይስ መንሥኤ የሚለው ጥያቄ በየፕሮቲኑና በየበሽታው ተለይቶ በምርምር የሚመለስ መሆኑን ነው። ተርጓሚው ይህን ጥያቄ በግስ ምርጫ ሊዘጋው አይገባም። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ስሕተት ያጋልጣል፤ «አ» እና «አስ» የሚሉት የአድራጊና የአስደራጊ ቅጥያዎች ከግሱ ጋር በቀላሉ ስለሚጣበቁ፣ «ሲ.አር.ፒ. ሲጨምር የልብ ድካሙ የጸና ሆኖ ይገኛል» ለማለት የታሰበው «ሲ.አር.ፒ. የልብ ድካሙን ያጸናዋል» ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያው አብሮ መገኘትን ይናገራል፤ ሁለተኛው ጥፋተኛን ይሰይማል። መነሻው ጽሑፍ «ጋር ይያያዛል» ካለ ትርጉሙም «ጋር ይያያዛል» ብሎ መቆም አለበት።

አመልካቹ የሚያመለክተውም ሁልጊዜ አንድ ነገር አይደለም። በአገራችን በወጣቶች ላይ ለሚታየው የልብ ድካም ዐቢይ መንሥኤ ከሆኑት አንዱ፣ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚከተለው የሩማቲክ ትኩሳት በልብ በሮች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ይህን ትኩሳት ለመለየት ጆንስ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጡት፣ በኋላም በተሻሻለው መመዘኛ ውስጥ የቀይ ደም ሕዋሳት የመዝቀጥ ፍጥነትና ሲ.አር.ፒ. ይገኙበታል። እዚህ ላይ ያው አመልካች የሚናገረው ትኩሳቱ በሥራ ላይ መሆኑን እንጂ የልብ ድካሙን ጽናት አይደለም። ስለዚህ «አመልካች» የሚለው ቃል ያለ ተሳቢው ብቻውን መቆም የለበትም፤ «የምን አመልካች» የሚለው ጥያቄ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ መመለስ ይኖርበታል።

5. የፕሮቲኖቹ ስሞች

የፕሮቲኖቹን ስሞች በግዕዝ ሥር ለመተርጐም የሚደረገው ሙከራ ቅን ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ስሞች በአጋጣሚ የተሰጡ በመሆናቸው ትርጉሙ ከእውነት ያርቃል። አራት ምሳሌዎችን እንመልከት።

ሲ.አር.ፒ. እ.ኤ.አ. በ1930 ቲሌትና ፍራንሲስ በሮክፌለር ተቋም በሳንባ ምች ታማሚዎች ደም ውስጥ ያገኙት ነው። «ሲ» የተባለው የሳንባ ምች ባክቴሪያ ከሆነው ኒሞኮከስ የተገኘ አንድ ክፍል መለያ ፊደል ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ከዚያ ክፍል ጋር ስለሚያጸገብር ስሙን አገኘ። ከቫይታሚን ሲ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ይህን «ሲ አጸግባሪ ፕሮቲን» ብሎ መግለጥ ይቻላል።

ኢንተርሉኪን የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1979 በስዊዘርላንድ በኤርማቲንገን በተደረገ ስብሰባ የተሰየመ ሲሆን ፍቺው «በነጭ የደም ሕዋሳት መካከል» ማለት ነው። ኋላ ግን ኢንተርሉኪን 6ን የደም ሥር ግድግዳ፣ የጡንቻና የስብ ሕዋሳትም እንደሚያመነጩት ታወቀ። ስሙን ብንተረጉመው የቀረውን ስሕተት ወደ ቋንቋችን እናስገባለን።

ቲ.ኤን.ኤፍ. ስሙን እ.ኤ.አ. በ1975 ያገኘው ዕጢን ለማጥፋት ካለው ችሎታ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች በሰውነት መመንመን በኩል ደርሰውበት «ካኬክቲን» ብለውት ነበር፤ በ1985 ሁለቱ አንድ መሆናቸው ተረጋገጠ። በልብ ታማሚ ወረቀት ላይ «ዕጢ» የሚል ቃል ቢጻፍ፣ አንባቢው ካንሰር ተገኘብኝ ብሎ መደንገጡ አይቀርም።

ቢ.ኤን.ፒ. እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን ተመራማሪዎች ከዐሣማ አንጎል የተገኘ በመሆኑ «ቢ» የአንጎልን ስም ወክላ ተቀመጠች። በሰው ግን ይህን ንጥረ ነገር በዋነኛነት የሚያመነጨው የልብ ታችኛው ክፍል ሲለጠጥ ነው። ሁለት ነገር ልብ ይሏል፦ አንደኛ፣ «የአንጎል» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ ቢ.ኤን.ፒ. የልብ ድካምን ለመለየትና ጽናቱን ለመገመት ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት ቢሆንም፣ የመለጠጥ እንጂ የብግነት አመልካች አይደለም።

6. ስለ ልኬት

«ከፍተኛ ስሜታዊነት ያለው ሲ.አር.ፒ.» የሚል ሐረግ በትርጉም ሥራዎች ሊያጋጥም ይችላል። በአማርኛ «ስሜታዊ» ማለት በቶሎ የሚቆጣ ወይም የሚነካ ሰው ነው። «ከፍተኛ» የሚለውም የታማሚው ውጤት ከፍ ያለ ያስመስለዋል። የታሰበው ግን ዘዴው በጣም አነስተኛ መጠንን ለመለካት መቻሉ ነው፤ ስለዚህ «በረቂቅ ልኬት የተገኘ ሲ.አር.ፒ.» ቢባል ይሻላል። ያው የባዕድ ቃል በስታትስቲክስ ሲነገር ግን ምርመራው ከታመሙት መካከል ምን ያህሉን እንደሚያገኝ የሚገልጽ ስለሆነ፣ ለዚያ «ሕሙማንን የማግኘት አቅም» የሚል የተለየ አገላለጥ ያስፈልገዋል።

የመለኪያ ስምም እንደ ቃል በጥንቃቄ መታየት አለበት። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ሲ.አር.ፒ.ን በሚሊግራም በሊትር፣ ሌሎች በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጽፋሉ። ዴሲሊትር የሊትር አንድ ዐሥረኛ ስለሆነ፣ 3 ሚሊግራም በሊትር እና 3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ዐሥር እጥፍ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ወደፊት ለሚደርስ የልብና የደም ሥር አደጋ ከ1 በታችን ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3ን መካከለኛ፣ ከ3 በላይን ከፍተኛ ብሎ የመደበው በሚሊግራም በሊትር ነው። በብርቱ የባክቴሪያ ሕመም ግን መጠኑ ከ100 ሚሊግራም በሊትር በላይ ሊደርስ ይችላል። «ዴሲ» የምትለዋን ሁለት ፊደል የዘለለ ተርጓሚ ሰውን ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው አሻገረ ማለት ነው።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ሁለት መመሪያዎች ይወጣሉ። ጽንሰ ሐሳብን የሚሸከሙ ቃላት፣ አንባቢው ትርጉማቸውን ካልተረዳ ጽሑፉን ሊረዳ ስለማይችል፣ ከራሳችን ቋንቋ መውጣት አለባቸው፦ ብግነት፣ አመልካች፣ ጽናት፣ ረቂቅ ልኬት። በአጋጣሚ የተሰየሙ የንጥረ ነገሮች ስሞች ግን በድምፃቸው ተወስደው በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይገባቸዋል፦ ሲ.አር.ፒ.፣ ኢንተርሉኪን፣ ቲ.ኤን.ኤፍ.፣ ቢ.ኤን.ፒ.። ሁሉም ከግዕዝ ይውጣ የሚሉት ወገኖች የባዕዱን ስሕተት ጭምር እንዳይተረጕሙ፣ ሁሉም እንዳለ ይወሰድ የሚሉትም ታማሚውን በድምፅ ብቻ እንዳይተዉት ይህ ክፍፍል መካከለኛ መንገድ ይሆናል ብለን እናምናለን።

በዚህ መሠረት አንድ የውጤት መግለጫ እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦ «በደምዎ ውስጥ የተለካው ሲ.አር.ፒ. የተባለ የብግነት አመልካች መጠኑ ከፍ ብሏል። ይህ በልብ ድካም ሲጸና ሊታይ ይችላል፤ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል ሐኪምዎ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ያመዛዝነዋል።» በዚህ አገላለጥ ደሙ በገነ አልተባለም፤ ፕሮቲኑ ጥፋተኛ አልተደረገም፤ ክብደትም ለሚዛን ተትቷል። ለዚህ ሥራ የተሻለ ቃል ያላቸው ተርጓሚዎችና ሐኪሞች አስተያየታቸውን ከነምሳሌው ቢያቀርቡ፣ የቃላቱን ዝርዝር ለማጥራት ይጠቅማል።